ቆርኪው ሲነሳ የሚገነፍለው ጠላ

ፊልተር ጠላ በቢራ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ ቆርኪ ተደርጎለት አንድ ሁለት ቀን ካደረ በኋላ ሲከፈት የሚሆነውን ደብረ ማርቆስ ያደገ ሰው ያውቀዋል። የሚከፍተው ሰው ጠርሙሱን ከፊቱ አርቆ ይይዛል፤ አንገቱ ላይ ጨርቅ ጣል ያደርጋል። ቆርኪው ገና ሳይነሳ አረፋው ይተኮሳል፤ ብርጭቆ እስኪቀርብ ግማሹ መሬት ጠጥቶታል። ጠማቂዋ በዚህ አታፍርም። «ኃይለኛ ናት» ብላ ሌላ ጠርሙስ ታወጣለች፤ ጠጪውም የጠላው ብርታት ምስክር አድርጎ ይቀበለዋል።

የፋብሪካ ጠማቂ ግን ይህንኑ ነገር እንደ በሽታ ነው የሚያየው። ጠርሙስ ውስጥ እንዲፈላ ተብሎ የሚጠመቅ ቢራ በሚወደድባቸው አገሮች፣ በቤልጂግና በእንግሊዝ በተለይ፣ ሲከፈት የሚገነፍል ጠርሙስ ገንዘብም ስምም ያሳጣል። ስለዚህ ለምን እንደሚገነፍል ሲጠና ብዙ ዘመን አልፏል። የተገኘው መልስ ደግሞ አንድ አይደለም፤ የጎጃም ጠላና ጠጅ አብዛኞቹን ምክንያቶች በአንድ ጠርሙስ አጣምረው ይገኛሉ።

ጋዙ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። እርሾ ስኳር ሲበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ከአንድ ግራም ስኳር ግማሽ ግራም ያህል ጋዝ ይገኛል። አንድ ሊትር ተራ ቢራ የሚይዘው 5 ግራም አካባቢ ነው። እንግዲህ በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ ያልፈላ 10 ግራም ስኳር ቀርቶ ጠርሙሱ ከታሸገ፣ የቢራን ያህል ጋዝ እዚያው ይፈጠራል ማለት ነው። 30 ግራም ከቀረ ጋዙ 15 ግራም ይሆናል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ግፊቱ ወደ 8 ባር ይጠጋል። የሻምፓኝ ጠርሙስ ወፍራም ሆኖ የተሠራው ለ6 ባር ገደማ ነው። ስንት ጊዜ ተሞልቶ፣ ታጥቦ፣ ተፋጭቶ ያረጀ የቢራ ጠርሙስ ይህን ሁሉ እንዲችል መጠበቅ አይገባም። ጠጅ ደግሞ ለስለስ ብሎ እንዲጠጣ ሲፈለግ ጣፋጭነቱ ሳያልቅ ነው የሚቀዳው፤ 30 ግራም ስኳር ለእንደዚህ ያለ ጠጅ ብዙ አይደለም።

ሻምፓኝ ራሱም በዚህ መንገድ አልፏል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በፈረንሳይ ጓዳዎች ጠርሙስ በየሌሊቱ ይፈነዳ ነበር፤ ሠራተኞች የብረት ጭንብል አጥልቀው ይገቡ ነበር። ነገሩ መስመር መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ፍራንሷ የተባለ የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ፣ ወይኑ ከመታሸጉ በፊት ስኳሩ የሚለካበትን ዘዴ ካሳየ በኋላ ነው።

በጎጃም ይህ ችግር ድሮ አልነበረም፤ ምክንያቱ ዕቃው ነው። ጌሾና ብቅል በውሃ ተጠንስሶ፣ ቂጣው ተጋግሮ ተቆራርሶ ሲገባበት፣ በኋላም እንኩሮው ወይም የተቆላው እህል ሲጨመር ድፍድፍ ይሆናል፤ ውሃ ተሞልቶ በወይራ በታጠነ ጋን ይቀመጣል። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ገብስ፣ ወደ ምዕራብና ወደ አዊ ሲወረድ ዳጉሳና በቆሎም ይገባበታል። የጋኑ አፍ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። ጭቃው አየር አያስገባም እንጂ ጋዙ ሲገፋው ይሰነጠቃል፤ ሸክላውም ራሱ ትንሽ ትንሽ ያስተነፍሳል። ጠላው እየፈላ ግፊት ሳያጠራቅም ይከርማል። ጠጅም እንደዚሁ ነው፤ ብርሌ አንገቱ ቢቀጥንም ክዳን የለውም። ቆርኪና የፕላስቲክ ክዳን የመጡት ለሌላ ዓይነት መጠጥ ነው፤ ሕያው የሆነውን መጠጥ ከነእርሾው እዚያ ውስጥ መዝጋት የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው።

ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ጠላ አፈላል ባወጡት ጥናት፣ መፍላቱ ደረጃ በደረጃ እንደሚሄድና በመጨረሻ የሚገንኑት የቢራ እርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ እንደሆኑ አሳይተዋል። ሁለቱም ጠላው «ደረሰ» ከተባለ በኋላ በሕይወት አሉ። ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ሲኖረው፣ ወፈር ተደርጎ ተጠምቆ በጥጥ ጨርቅ የሚጠለለው ፊልተር ከ5 በመቶ በላይ ይሄዳል። ጨርቁ ጉሹንና አተላውን ያስቀራል፤ እርሾውን ግን አያስቀርም። የእርሾ ሴል ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ ከጥጥ ክር መሐል እንደ ልቡ ያልፋል። ጠላው ጥርት ብሎ ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም።

ጠላን ከአውሮፓ ቢራ የሚለየው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜም አይነገርለትም። የፋብሪካ ቢራ እርሾ ከመጨመሩ በፊት ብቅሉ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይፈላል፤ በእሳቱ የብቅሉ ኢንዛይም ይሞታል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ስኳር አይፈጠርም፤ ጠማቂው ያለውን ለክቶ የሚመጣውን ጋዝ ማስላት ይችላል። በጠላ ግን የብቅሉ ዱቄት ጥሬውን ነው የሚገባው። ኢንዛይሙ ስታርቹን ቀስ እያለም ቢሆን ወደ ስኳር መለወጡን አያቆምም፣ እርሾውም ያንን እየተከተለ ይበላል። ጠማቂዋ ቀምሳ «ጣፋጭነቱ አልቋል» ብላ ብታሽገውም ጠርሙሱ ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ። ፊልተር ጠላ በሁለተኛው ቀን ደስ ብሎ፣ በአምስተኛው ቀን ጣራ የሚመታው በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ይህ ሁሉ ስለ ጋዝ ብዛት ነው። ጋዝ መብዛቱ ብቻውን ግን መገንፈልን አያስረዳም። ብዙ ጋዝ ያለው ለስላሳ መጠጥ ቀስ ብሎ ሲከፈት ፉጨት አሰምቶ ዝም ይላል፤ ከእሱ ያነሰ ጋዝ ያለው ጠርሙስ ደግሞ ተንፈቅፍቆ ይወጣል።

ልዩነቱ አረፋው የሚወለድበት ቦታ ላይ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ፈሳሹ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ጋዝ ይዞ ይቀራል፤ ሆኖም ጋዙ ከንጹሕ ፈሳሽ መሐል ዘሎ አረፋ መሆን አይችልም። መነሻ ይፈልጋል፤ በብርጭቆው ላይ ያለ ጭረት፣ የተንሳፈፈ ብናኝ፣ ቀድማ የተቀመጠች የአየር ነቁጥ። መነሻው ጥቂት ከሆነ ጋዙ ተራ ጠብቆ ይወጣል። መነሻው እልፍ ከሆነ ሁሉም በአንዴ ይነሳና ፈሳሹን ይዞት ይወጣል። ጠላ ውስጥ የስታርች ብናኝ፣ የጌሾ ቅጠል ዱቄትና የሞተ እርሾ አለ፤ ጠጅ ውስጥ የሰፈፍ ቅንጣትና ከአበባ የመጣ ዱቄት። ከታች የተቀመጠው ዝቃጭ የመጀመሪያው አረፋ ሲያነሳው ራሱ አዲስ መነሻ ይሆናል፤ ስለዚህ ነው መገንፈሉ ሲጀምር እየባሰበት የሚሄደው። በመንገድ የተናወጠ ጠርሙስም እንዲሁ ነው፤ መናወጡ አንዲት ግራም ጋዝ አይጨምርም፤ ጥቃቅን አረፋ በፈሳሹ ውስጥ ይበትናል እንጂ። ለጥቂት ሰዓት ቆሞ ከተቀመጠ ይሰክናል።

ከመነሻዎቹ ሁሉ ተንኮለኛው ግን በዓይን የማይታየው ነው። የገብስና የስንዴ ራስ በአጨዳ ሰሞን ዝናብ ሲያገኘው ፉዛሪየም የተባለ ሻጋታ ያድርበታል። ይህ ሻጋታ ውሃ የሚሸሽ አነስተኛ ፕሮቲን ይሠራል፤ ስሙ ሃይድሮፎቢን ነው። ፕሮቲኑ እጅግ ጥቃቅን የጋዝ ነቁጦችን እንደ ሽፋን ይከባቸውና እንዳይጠፉ ያቆያቸዋል፤ ቆርኪው ሲነሳ እነዚያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያብጣሉ። የፊንላንዱ የምርምር ማዕከል ቪቲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች በብቅል ውስጥ ያለው የሃይድሮፎቢን መጠን ቢራው ይገነፍል እንደሆነ ቀድሞ ሊያመለክት እንደሚችል አሳይተዋል። ፕሮቲኑ ሙቀት የሚችል ስለሆነ በእሳት መፍላቱም ፈጽሞ አያጠፋውም። ከዚያው የሻጋታ ወገን የሚመጣ መርዝም ስላለ፣ አንድ ሙሉ ምርት መገንፈል ሲጀምር ፋብሪካዎች እህሉን መጠራጠር ይጀምራሉ።

ለጮቄ ተራራ ሥር ገበሬ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በስናንና በጎዛምን ወረዳዎች ገብስ ከዋና ዋናዎቹ እህሎች አንዱ ነው፤ አጨዳው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ ነዶውን ማሳ ላይ ያርሰዋል። የቢራ ገብስ ለፋብሪካ የሚሸጥ ገበሬ በእርጥበቱ ምክንያት ዋጋ ይቀነስበታል ወይም ይመለስበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ጀምሮ ጎንደር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ላይ የብቅል ፋብሪካዎች ተጨምረዋል፤ ሁሉም የሚፈልጉት ደረቅ፣ ያልሻገተ ገብስ ነው። ቤት ውስጥ የሚበቅለው ብቅል ግን ላቦራቶሪ አያይም። እህሉ ይዘፈዘፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ በፀሐይ ይደርቃል። ለእንኩሮ የሚቆላው እህል እሳት ያገኘዋል፤ ብቅሉ ግን አያገኘውም፣ ካገኘውም ኃይሉን ያጣል። በክረምት የበቀለ ብቅል ሳይደርቅ ሰንብቶ ጸጉር ሲያወጣ የምትጥለው ባለሙያ፣ ስለ ፕሮቲኑ ሳትሰማም ትክክለኛውን ነገር አድርጋለች።

ጌሾስ? አውሮፓውያን በቦታው ሆፕ ይጠቀማሉ፤ በሆፕ ላይ የተደረገው ጥናት የሚያስገርም ነው፤ ዘይቱ መገንፈልን ያበርዳል፣ አርጅቶ አየር የነካው ክፍሉ ግን ያባብሰዋል። የጌሾን ምሬት የሚሰጠው ጌሾይዲን የተባለው ውሑድ እ.ኤ.አ. በ1995 በጥናት ታውቋል፤ አረፋ ላይ ስለሚያደርገው ነገር ግን የሆፕን ያህል አልተጻፈም።

ከፍታውን ምክንያት የሚያደርጉ አሉ። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጠርሙስ ሲከፈት የሚወርደው ግፊት ከጅቡቲ ይልቅ በሩብ ባር ይበልጣል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ትንሽ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ 3 ወይም 4 ባር ሲኖር ሩብ ባር ብዙ አያከራክርም።

ሙቀት ግን ያከራክራል። 5 ግራም ጋዝ ያለው አንድ ሊትር ቢራ በ4 ዲግሪ ከአንድ ባር በታች፣ በ20 ዲግሪ 2 ባር፣ በ30 ዲግሪ 3 ባር ገደማ ይገፋል። ከደብረ ማርቆስ ለአዲስ አበባ ዘመድ ጠጅ ይዞ የሚሄድ ሰው መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደጀን ሲደርስ አሁንም ደጋ ነው። ከዚያ አውቶቡሱ ተጠማዝሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የአባይን ድልድይ ይሻገራል። በረሃው ውስጥ ጠርሙሱ ይሞቃል፣ እርሾው ይነቃል፣ መኪናው ያናውጠዋል፤ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ የውጭው ግፊት መልሶ ይቀንሳል። ጠጁ በፕላስቲክ ከሆነ ልምድ ያለው ተጓዥ ጎኑን ጫን ብሎ ያየዋል፤ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ክዳኑን በሩብ ዙር ያላላና ያስተነፍሰዋል። በጠርሙስና በቡሽ ከሆነ የሚዳሰስ ምልክት የለም።

የፋብሪካ ቢራ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የወጣው በሁለት ነገር ነው። በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ጎንደሩ ዳሸን፣ በጠርሙስ የሚወጣው ቢራ እርሾው ተጣርቶለት፣ በ60 ዲግሪ አካባቢ ለደቂቃዎች እንዲሞቅ ተደርጎ ነው ገበያ የሚመጣው። ግሮሰሪ ውስጥ አንድ ቢራ ቢገነፍል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከፍሪዘሩ ነው፤ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ገብቶ የተረሳ ጠርሙስ በከፊል በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ጋዝ ስለማይዝ የቀረው ፈሳሽ ላይ ይጫናል፣ የበረዶው ስለት ደግሞ ለአረፋ መነሻ ይሆናል። ሣጥን ሙሉ ቢራ ተከታትሎ ከገነፈለ ግን ወይ ብቅሉ ነው፣ ወይ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለው ከእህሉ የሚመጣ ጥቃቅን ክሪስታል ነው። ለዚህኛው ጠማቂዎች ገና በመዘፍዘፊያው ላይ ካልሲየም ጨምረው ክሪስታሉ ቀድሞ እንዲዘቅጥ ያደርጋሉ።

ፊልተር ጠላንና ጠጅን አሽጎ መሸጥ ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። እርሾውን በሙቀት መግደል ይቻላል፤ ጠጪው የሚወደው ትኩስነት ግን አብሮ ይሄዳል። ሳይሞቅ ከሆነ መጀመሪያ መፍላቱ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ከተቻለ ስኳሩን መለካት፣ ከዝቃጩ ላይ ቀስ ብሎ መቅዳት፣ ከአንገቱ ጎደል አድርጎ መሙላት፣ ጭረት የበዛበትን ጠርሙስ መተው፣ ከዚያም እስኪሸጥ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል። ቅዝቃዜ እርሾውን ያስተኛል እንጂ አይገድለውም። ጠርሙሱ ከፍሪጅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ከተደረደረ እርሾው ያቋረጠውን ሥራ በዚያው ከሰዓት ይቀጥላል።