ወይን ጠጅን ከወጥ ጋር ስለ ማስማማት

የወይን ጠጅና የምግብ ማጣጣሚያ ምሽት የሚባለው ግብዣ ሥርዓቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ምግብ ይስማማል የተባለው ወይን በጥቂት በጥቂቱ ይቀዳል፤ እንግዳውም አስቀድሞ ወይኑን ብቻውን፣ ቀጥሎም ከጉርሻ በኋላ ቀምሶ ልዩነቱን ይመረምራል። ስኳር የሌለው ከጣፋጩ፣ ቀላሉም ከከባዱ ይቀድማል። በልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ባሉት ሱቆች መጠጥ የሚቸረችር ነጋዴ ወዳጁን ይዞ እንዲህ ወዳለው ግብዣ ቢሄድ ጊዜውን በከንቱ አጠፋ አያሰኘውም። ደንበኛው «ለዶሮ ወጥ የትኛው ይሻላል?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ የሚመልሰውን ያገኛልና።

ቀይ ወይን ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ የሚያገኘው፣ አፍን የሚያኮማትር ታኒን የሚባል ነገር አለ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ታኒንና አልኮል ከበረታበት ወይን ጋር ሲገናኝ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሳል፤ ታኒኑም መራራ ሆኖ ይሰማል። ጥቂት ጣፋጭነት ያለውና ቀዝቀዝ ብሎ የቀረበ ወይን ግን ቃጠሎውን ያበርዳል። አባቶች ዶሮ ወጥን በጠጅ ያወራረዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የማሩ ጣፋጭነት በርበሬውን ሲያለዝብ፣ የጌሾው ምሬት ደግሞ ጣፋጩ እንዳይሰለች ይጠብቃል። ክትፎ ሚጥሚጣው ካልበዛበት በቅቤው ምክንያት ጠንካራውን ቀይ ይችላል። ሽሮና የተጠበሰ ዓሣ ስኳር የሌለውን ነጭ ይወዳሉ። እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ በመሆኑ ወይኑም ኮምጠጥ ካላለ ጣዕም የሌለው ይመስላል።

ወዳጅ ይዞ መሄዱም ለወግ ብቻ አይደለም። በርበሬ የለመደ ምላስና ያልለመደ ምላስ አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጡም፤ በራሱ አፍ ብቻ የሚመዝን ሻጭም ግማሹን ደንበኛ ያስቀይማል።

ለዚህ ሁሉ ዕቃው በሀገር ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመውና በዚያው በልደታ ወይን ሲያዘጋጅ የኖረው አዋሽ፣ ስኳር የሌለውን ጉደርንና ጣፋጩን አክሱማይትን አስለምዷል። የፈረንሳዩ ካስቴል ደግሞ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በዝዋይ ወይን ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊንና አካሲያን ለገበያ አወጣ። ሪፍት ቫሊ እንደ ሜርሎ፣ ሲራና ሻርዶኔ ባሉት የወይን ዘሮች ስም የሚሸጥ ስኳር የሌለው ነው፤ አካሲያ ግን ለስለስ ያለ ጣፋጭነት አለው። ይህ አከፋፈል የገበታውን ጠባይ የተረዳ ይመስላል።

አስመጪውም ነገሩን ችላ ሊለው አይገባም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ ስለ ወረደ፣ ከውጭ የሚመጣ እያንዳንዱ ጠርሙስ የሚይዘው ገንዘብ ከፍ ብሏል። ስሙ የገነነ፣ ነገር ግን ከወጥ ጋር የማይዋደድ ወይን በመደርደሪያ ላይ ሲከርም፣ የታሰረው ገንዘብ የነጋዴው ነው።

መከረሙም ራሱ አደጋ አለበት፤ በመስኮት በኩል ፀሐይ ያገኘው ወይን ይበላሻልና። በቡሽ የተደፈነ ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ በጥላ ይቀመጥ። ነጩ ከ8 እስከ 12፣ ቀዩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ይቅረብ። ለደንበኛ ለማስቀመስ የተከፈተውም በሚገባ ተከድኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ለወጥ ቤት እንጂ ለብርጭቆ አይሆንም።