ነፋስ የሚያነሳውን ማሰር

በሚያዝያና በግንቦት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ሰማዩ ሲጠቁር ቀድሞ የሚደርሰው ዝናቡ ሳይሆን ነፋሱ ነው። ከደመናው የወረደ ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲነካ ወደ ዙሪያው ይበተናል፤ አቧራውን እያስነሳ፣ የጎጆውን ክዳን እየገለጠ ይመጣል። ሜዳ ላይ ላደረ ትንሽ አውሮፕላን ይህ ነፋስ ከሁሉ የከፋ ጠላት ነው።

ምክንያቱ ክንፉ ነው። ክንፍ የተሠራው አየር ሲያልፍበት እንዲነሳ ነው፤ አየሩን ያመጣው ሞተር ይሁን ነፋስ ለይቶ አያውቅም። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚያነሳው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ሳሳ ይላል፤ ኃይሉም ቆላው ላይ ካለው ጥቂት ያንሳል፤ ያም ሆኖ ገመድን የሚያስቀር ልዩነት አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ይገጣጥመው የነበረውን እሸት የተባለ የጸረ ተባይ መርጫ አውሮፕላን እንመልከት። ክንፉ ድርብ ነው፤ ሦስተኛው ጎማው ከጅራቱ ስር ስላለ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ያቀናል። ስለዚህ መሬት ላይ እያለም ክንፉ ለመነሳት የተመቻቸ ነው። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ከግራና ከቀኝ ክንፎቹ እንዲሁም ከጅራቱ ይታሰራል፤ ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ ይደገፋሉ፤ በክንፎቹና በጅራቱ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ መሪዎችም ነፋስ እያንገጫገጨ እንዳይሰብራቸው ይቆለፋሉ።

ገመዱ ናይለን ቢሆን ይመረጣል። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ስለሚያጥር ክንፉን ያስጨንቃል። አለልክ ማጥበቅም ያንኑ ጉዳት ያመጣል፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላላ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ከላላ አውሮፕላኑ እየተንደረደረ ገመዱን ይበጥሳል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ገመዱ የሚታሰርበት ካስማ ነው። በበጋ ድንጋይ የሚመስለው የጎጃም አፈር ዝናብ ሲጠግብ ይለሰልሳል፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ የእንጨት ችካልም ተነቅሎ ይወጣል። እየተጠመዘዘ የሚገባ የብረት ካስማ፣ ወይም ጠለቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ አግድም የተቀበረ ግንድ ይሻላል። ባሕር ዳር የሚያርፉት ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ክብደታቸው ያግዛቸዋል፤ ባለ ፕሮፔለሮቹ ሲያድሩ ግን ፕሮፔለራቸው በነፋስ እንዳይዞር ይታሰራል።

በሰፈራችሁ ሜዳ አውሮፕላን ቆሞ ገመዱ ሲላላ ብታዩ ለአብራሪው ንገሩ። ነፋሱ ከመጣ በኋላ ግን ክንፉን በእጅ ለመያዝ አትሞክሩ፤ ልጆችንም አርቁ።