«ማስጀመር» እና «መመደብ»፤ ስለ ሁለት የኮምፒዩተር ስያሜዎች

የአገሪቱ የጤና መረጃ ከሚጠናቀርባቸው ሥፍራዎች አንዱ በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የጤና ሚኒስቴር ለዘገባ የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓትም መረጃውን የሚያኖረው ፖስትግሬስኪውኤል በተሰኘ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ቋት የተተከለበት ኮምፒዩተር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ይነሣል፤ ቋቱ ግን አብሮ ሥራውን ላይጀምር ይችላል። ለዚህ ከሚያበቁት ምክንያቶች አንዱ የሁለት ቃላት መደባለቅ ነው።

«ቋት» ከወፍጮ የሚወርደው ዱቄት የሚጠራቀምበት ነውና ለዳታቤዝ ስያሜነት ተስማሚ ነው። «አገልጋይ» ደግሞ ጠያቂን እየጠበቀ ለሚያስተናግደው ፕሮግራም፣ ማለትም ለሰርቨር ይውላል። የሚያስቸግሩት ግሦቹ ናቸው።

ሊኑክስ ሲነሣ አስኳሉ በቅድሚያ የሚያስጀምረው አንደኛ ቁጥር የተሰጠውን ፕሮግራም ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲስተምዲ ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ይህን ሥፍራ ይዟል። ይኸው ፕሮግራም ከሚቀበላቸው ትእዛዞች «ስታርት» የተባለው አገልጋዩን ወዲያውኑ ሥራ ያስጀምረዋል፤ ማሽኑ ሲጠፋ ግን ውጤቱ አብሮ ይጠፋል። «ኢነብል» የተባለው በራሱ ምንም አያስጀምርም፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሥራ ከሚጀምሩት ዝርዝር ውስጥ የአገልጋዩን ስም ያሰፍራል።

ለኋለኛው «ማንቃት» ሲባል ይሰማል። ነገር ግን የነቃ ሰው ዐይኑን የገለጠ ነውና ትእዛዙን የሰጠው ሠራተኛ ቋቱ ሥራ የጀመረ ይመስለዋል። በአንጻሩም ቋቱን አስጀምሮ የሄደው ነገም በራሱ ይነሣል ብሎ ይዘናጋል። የሌሊት ዘበኛን ቀስቅሶ በር ላይ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ስሙን በተራ መዝገብ ማስፈር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ለዛሬ ሌሊት ብቻ ይበቃል፤ ሁለተኛው ማንም ባያስታውስ እንኳ ነገም ይሠራል።

ልማዱም እንደ ሊኑክሱ ዓይነት ይለያያል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ቋቱ ሲተከል ምዝገባው አብሮ ይፈጸማል፤ በሬድ ሃትና በፌዶራ ግን አስተዳዳሪው ራሱ ሊፈጽመው ይገባል።

ስለሆነም ለማሽኑ «መነሣት»፣ ለስታርት «ማስጀመር»፣ ለኢነብል «መመደብ»፣ የዚህ ተቃራኒ ለሆነው ለዲሴብል ደግሞ «ከምደባ ማውጣት» ቢባል ትርጉሙ ከሥራው ጋር ይገጥማል። በመመሪያ ላይ «ቋቱን አስጀምር፤ ቀጥሎም መድብ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሠራተኛው ሁለት ተግባሮች እንዳሉበት ከቃሉ ይረዳል። መፈጸማቸውን የሚያረጋግጠውም መብራት እስኪጠፋ ሳይጠብቅ፣ አመቺ ሰዓት መርጦ ማሽኑን አጥፍቶ በማስነሣት ነው።