የምንውጠው መድኃኒት መጨረሻው የት ነው? የሐዋሳ ሐይቅና ዓሦቹ

በሐዋሳ ከተማ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ሲታመም እንደ ማንኛችንም ከአቅራቢያው ፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ ይወስዳል። ሲሻለው የተረፈውን ኪኒን ያስቀምጠዋል፤ ጊዜው ሲያልፍበት ደግሞ ወደ መጸዳጃ ቤት ይጥለዋል። ብዙዎቻችን የመድኃኒቱ ሥራ በዚህ ያበቃ ይመስለናል።

ውድ አንባቢያን፣ የተዋጠ መድኃኒት ሁሉ በሰውነታችን ውስጥ ተፈጭቶ አያልቅም። እንደ ዓይነቱ ከፊሉ ወይም አብዛኛው በሽንትና በዓይነ ምድር ይወጣል። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለምሳሌ ሳይለወጥ በሽንት ይወገዳል። ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ፍሳሽና የዝናብ ጎርፍ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳሉ። በሐዋሳ ዝቅተኛው ስፍራ ሐይቁ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውኃው በአብዛኛው በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል፤ ቶሎ የማይፈርስ ኬሚካል ግን እዚያው ይቀራል። በአሞራ ገደል የምንገዛው ቆሮሶና አምባዛ ቀንና ሌሊት የሚኖሩት በዚህ ውኃ ውስጥ ነው።

መድኃኒት ዓሣን እንዴት ይጎዳል?

ዓሦች እንደ እኛ ሆርሞን፣ ነርቭና ኩላሊት አላቸው። ስለዚህ ለሰው የተሠራ መድኃኒት በእነርሱም አካል ውስጥ ይሠራል። በካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በወሊድ መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለውን ሆርሞን በአንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ጨመሩ። መጠኑ በአንድ ቢሊዮን ሊትር ውኃ ከ5 እስከ 6 ግራም ብቻ ነበር። ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ፤ በሐይቁ የነበሩት ትናንሽ ዓሦችም ሊጠፉ ተቃረቡ። እነርሱን የሚመገቡት ትልልቆቹም ቀነሱ።

በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ የጭንቀት መድኃኒት የነካው ፐርች የተባለ ዓሣ ከመንጋው እየተነጠለ ደፋር እንደሚሆን አሳይቷል። ፍርሃት ያጣ ዓሣ በቀላሉ የሌላ ምግብ ይሆናል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና በ104 አገሮች የሚገኙ 258 ወንዞችን የመረመረ ጥናት፣ በወንዝ ውኃ ውስጥ በተገኘ የመድኃኒት ክምችት ከላሆርና ከላ ፓዝ ቀጥሎ አዲስ አበባን በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጧል። በሐዋሳና በይርጋለም ሆስፒታሎች ፍሳሽ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናትም መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን አግኝቷል። እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ውኃ ሲገቡ አደጋው ለዓሣው ብቻ ሳይሆን ለዓሣ አጥማጁና በሐይቁ ለሚዋኘው ልጅም ነው።

ምን እናድርግ?

ይህን ስንል መድኃኒታችሁን አቁሙ ወይም ዓሣ አትብሉ ማለታችን አይደለም። ሐኪም ያዘዘውን በታዘዘው መጠን እስከ መጨረሻው መውሰድ ይገባል። ነገር ግን፦

- አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንግዛ፤ ለጉንፋን አይጠቅምም።
- የተረፈ ወይም ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መጸዳጃ ቤት፣ ቦይ ወይም ሐይቅ ውስጥ አንጣል።
- የጤና ጣቢያውን ወይም የሆስፒታሉን ፋርማሲ ይቀበል እንደሆነ እንጠይቅ። የሚቀበል ካልተገኘ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅለን በፕላስቲክ አጥብቀን በማሰር በደረቅ ቆሻሻ እናስወግደው።
- ጤና ተቋማት ፍሳሻቸውን አጣርተው እንዲለቁ እንደ ነዋሪ እንጠይቅ።

የካናዳው ሐይቅ ታሪክ መልካም መጨረሻ አለው። ሆርሞኑ መጨመሩ ከቆመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትናንሾቹ ዓሦች ተመልሰው በዙ። ፍጥረትን እንድንጠብቅ አደራ ለተሰጠን ለእኛ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ውኃው የሚጎዳውን ነገር መጨመር ስናቆም ሕይወት ይመለሳል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ቆሻሻውን ወደ ሌላ ስፍራ ጠርጎ የሚወስድለት ወንዝ ስለሌለው ጥበቃው መጀመር ያለበት ከየቤታችን ነው።