አዲሱ ግድግዳ ከአሮጌው ሲገናኝ

እናቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ እስከ ኮርኒሱ የሚወጣ ስንጥቅ አለ። ጣት አያስገባም፤ ሳንቲም ግን ያስገባል። ያለው ዋናው ቤትና ወንድሜ ሲያገባ የቀጠልነው ክፍል በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ሦስት ጊዜ በጂብሰም ሞልተን ቀባነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ክረምቱ አልፎ በጋው ሲጠና ተመልሶ ተከፈተ። ቤት መቀጠል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ የዚያን ስንጥቅ ነገር ይዤ ግንበኛና መሐንዲስ ስጠይቅ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚቀጥል ሰው ምክንያት አያጣም። ልጅ ያገባል፣ ወላጅ ከገጠር ይመጣል፣ ከጓሮ ያለው ሰርቪስ ላይ አንድ ክፍል ተጨምሮ ይከራያል። ባለቤቱ ስለ ክፍሉ ስፋትና ስለ ሴራሚኩ ቀለም ሲጨነቅ ይከርማል። መጋጠሚያውን የሚያስበው ግንበኛው እዚያ ሲደርስ ነው። እኔ ግን ቅጥያ ቤት የሚጸናውም የሚበላሸውም እዚያው መጋጠሚያ ላይ ነው እላለሁ፤ መሠረት ከመሠረት፣ ግድግዳ ከግድግዳ፣ ጣሪያ ከጣሪያ በሚገናኝበት።

ከመሬት እንጀምር። «አሮጌው ቤት ተቀምጧል፤ አዲሱ ገና ቆሞ ነው ያለው» አሉኝ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ። ሠላሳ ዓመት የቆየ ቤት ከሥሩ ያለውን አፈር ተጭኖ መስመጥ ያለበትን ያህል ሰምጧል። አዲሱ ይህንን ገና ሊጀምር ነው። ሁለቱን ግድግዳ ብሎኬት በብሎኬት አጠላልፈው ካያያዟቸው አዲሱ ሲወርድ አሮጌውን ይጎትተዋል፤ ግድግዳውም በደካማው በኩል፣ ብዙ ጊዜ በመስኮት ጥግ፣ ይቀደዳል። መሬቱ መረሬ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ይህ ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጋ ላይ ቦሌና አቃቂ አካባቢ ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው መሬቱ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ አይቷል። ቤት የሚሠራው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ መረሬው ተቆፍሮ ይወጣል፤ በምትኩ ገረጋንቲ ይገባል። ገረጋንቲውም ባንዴ አይደፋም፤ በየ20 ሳንቲሜትሩ ውኃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። እኛ የቆፈርነው በግንቦት መጨረሻ ነበር። ዝናቡ ደረሰብን ብለን መረሬው ሳያልቅ መሠረቱን ጣልን። የስንጥቁ እናት ያቺ ጥድፊያ ናት። ቁፋሮ ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሲጠነፍፍ ቢጀመር፣ ጣሪያው ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ቢከደን ይሻላል።

ከቁፋሮው በፊት ግን ወረቀቱ አለ። የሕንፃ ሕጉ አዲስ ቤት ለሚሠራ ብቻ ሳይሆን ያለውን ሕንፃ ለሚያሻሽልም ፈቃድ ይጠይቃል። ካርታው ላይ ያለው ልክና መሬቱ ላይ የቆመው አጥር አንድ መሆናቸውን ፈቃድ ከመጠየቅ በፊት በሜትር ማረጋገጥ ብዙ ምልልስ ያድናል። ባለ አንድ ወለል ቤት ላይ ፎቅ መጨመር ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሮጌው መሠረት ያንን ሸክም ይችል እንደሆነ መሐንዲስ አይቶ በስሌት ካልተናገረ በቀር አይሞከርም።

ግድግዳው ላይ መፍትሔው ሲያዩት ይገርማል፤ አለማያያዝ ነው። አዲሱ ክፍል በራሱ ኮለን፣ በራሱ ግሬድ ቢም ይቆማል። ከአሮጌው ጋር ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ይተውለትና በፎም ይሞላል፤ ከላይ በጣውላ ወይም በላሜራ ስስ መሸፈኛ ይደረግበታል። ሁለቱ ቤቶች ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፣ ልስኑም አይቀደድም። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን የምናስታውስ ሰዎች ይህ ክፍተት ለመስመጥ ብቻ የተተወ እንዳልሆነ ይገባናል።

አሮጌው ጭቃ ቤት ከሆነ ጥንቃቄው ይበዛል። በር ለመክፈት ግድግዳውን መቁረጥ ግድ ነው፤ በጭቃና በማገሩ ውስጥ የተደበቀው ባሕር ዛፍ ግን ጣሪያውን ተሸክሞ የቆመ ነው። ስለዚህ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ጣሪያው በፑንቴሎ ይደገፋል፤ ከበሩ በላይ አግዳሚ ተሸካሚ ገብቶ ሳይጠነክር ፑንቴሎው አይነሣም። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ በቀጥታ ሲለሰን ስለማይይዝ መጀመሪያ ወንፊት ሽቦ በሚስማር ይመታበታል። (ፑንቴሎ፣ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ብሎኬት፤ የግንባታ ቋንቋችን ብዙው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ጭቃ፣ ማገርና ውኃ ልክ ግን የራሳችን ናቸው።)

አርማታው ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ውኃ አይነፈገው። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ይጠጣል። ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። ሠራተኛ «ደርቋል» ሲል ላዩ መድረቁን ማለቱ ነው።

ጣሪያ ላይ ውኃ ምሕረት የለውም። አዲሱ ቆርቆሮ ከአሮጌው ሥር ገብቶ ካልተደረበ ወይም ሁለቱ ተዳፋት የሚገናኙበት ቦታ ሰፊ አሸንዳ ካልተሰጠው፣ የሐምሌ ዝናብ ቀጥታ መጋጠሚያው ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ ኮርኒሱ ቡናማ ይሆናል፣ ሞራሌው ይበሰብሳል። የአሸንዳው ውኃ የት እንደሚወርድም አስቀድሞ ይታሰብ፤ በጎረቤት አጥር ላይ ከወረደ ጠብ ነው፣ አዲሱ መሠረት ሥር ከወረደ ደግሞ መረሬውን ማጠጣት ነው። የእኛው አሸንዳ የሚወርደው ልክ በስንጥቁ ሥር ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

የጠየቅኋት መሐንዲስ መጥታ ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቀላል ነው። ስንጥቁ ላይ፣ ከታች፣ ከመካከልና ከላይ፣ ሦስት ቦታ የአውራ ጣት የምታህል ጂብሰም ለጠፈችና በእርሳስ ቀን ጻፈችባቸው። ጂብሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ቆሟል ማለት ነው። አሸንዳውን በቱቦ አድርገን ከቤቱ ሦስት ሜትር አራቅነው፤ ከግድግዳው ሥር ያለውን መሬትም ወደ ውጭ አዘንብለን በሲሚንቶ ደፈንነው። አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። የታችኛውና የመካከለኛው ጂብሰም እንዳሉ ናቸው። የላይኛው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ታይታለች፤ እናቴ በየሳምንቱ ወንበር ላይ ቆመው ያዩዋታል፣ አልሰፋችም ይላሉ።