ጠጅ ሣር፦ የመዓዛው ምንጭ፣ ጥቅሙና የዘይቱ አያያዝ

ማለዳ ሐዋሳ ከተማ አሞራ ገደል የደረሰ ሰው ጀልባዎች ዓሣ ሲያራግፉ፣ ወጣቶች ዓሣ ሲበልቱ፣ አባ ኮዳዎችም ትርፍራፊ ሲጠባበቁ ይመለከታል። ሲመሽ ግን የሐይቁ ዳር የቢምቢ ነው። በየቤቱ ለቢምቢ መከላከያ ከሚነሡት ዕፅዋት አንዱ ጠጅ ሣር በመሆኑ፣ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ስለዚህ ተክል ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ አለ።

መዓዛው ከየት ይመጣል?

ጠጅ ሣርን ሎሚ ሎሚ እንዲሸት የሚያደርገው ሲትራል የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በሎሚ ልጣጭም በጥቂቱ ይገኛል። ሲትራል ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ሲሆን፣ ከጠጅ ሣር ዘይት አብዛኛውን ክፍል ይይዛል። ለሳሙና፣ ለሽቶና ለምግብ ማጣፈጫ ያገለግላል፤ በፋብሪካም ቫይታሚን ኤ ለመሥራት ይውላል።

ዘይቱ የሚወጣው አረቄ በሚወጣበት ዓይነት ዘዴ ነው። እንፋሎት በሣሩ ውስጥ ሲያልፍ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ዘይቱም ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። ይሁን እንጂ ከ100 ኪሎ ግራም ርጥብ ሣር የሚገኘው ዘይት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። ስለሆነም ማኅበሩ ለማጣሪያ መሣሪያ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ገዢ ማግኘቱን ማረጋገጥ አለበት። በመዓዛማ ዕፅዋት ላይ ምርምር የሚያካሂደው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢው ቅርብ በመሆኑ፣ አስቀድሞ ምክር መጠየቅ ይጠቅማል። ገዢ ባይገኝም ሣሩ በእርከን ላይ ሲተከል አፈር ስለሚይዝ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

ጥንቃቄ

ያልተበረዘ ዘይት ቆዳን ያሳክካል፤ ዓይንን ያቃጥላል። በመሆኑም ሠራተኞች ጓንት ማድረግ፣ ቆዳ ከነካም ወዲያው በሳሙና መታጠብ ይገባቸዋል። ዘይቱ ተቀጣጣይ ስለሆነ ከምድጃ ይራቅ። አይጠጣም፤ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታም ይቀመጥ። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ያበላሹታል፤ የተበላሸውም ቆዳን ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ በጠቆረ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ፣ አጥብቆ ከድኖ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማኖር ነው። ዘይቱንም ሆነ የዕቃውን እጣቢ ወደ ሐይቁ መድፋት ዓሣን ይጎዳል፤ ይህም የአስጋሪውን እንጀራ መንካት ነው።

አጎበርን አይተካም

የጠጅ ሣር ሽታ ቢምቢን ቢያርቅም ቶሎ ይተናል። ቆዳ ላይ የተቀባ ዘይት ኃይሉ ብዙም ሳይቆይ ይደክማል፤ የወባ ቢምቢ ደግሞ ሌሊቱን ትናከሳለች። እንግዲህ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሁለቱም በአንድነት ይነገር፦ ጠጅ ሣር ይተከል፤ አጎበርም ይዘርጋ፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።