በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም

በካርልተን የመንግሥት ፎቆች ለሚኖሩ ወጣቶቻችን የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የእግር መንገድ ነው። ችግሩ ከገቡ በኋላ ነው። ለፈተና ሰሞን ብቻ ሌሊቱን መሸምደድ እዚህ አያዋጣም፤ ነጥቡ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንስቶ በጽሑፍ ሥራ ይጠራቀማልና። የዕለቱን በዕለቱ መከለስ፣ ያልገባውንም መምህሩን ሳያፍሩ መጠየቅ ይበጃል። ቤቱ በእንግዳና በሕፃናት ለተጨናነቀበት ተማሪ በ2015 እ.ኤ.አ. በፋራዴይ ጎዳና የተከፈተው የካትሊን ሳይም ቤተ መጻሕፍት አለለት።

ወላጆቹን ላለማሳዘን መውደቁን ደብቆ የሚከርም ተማሪ ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። «ሴንሰስ ዴት» ከተባለው ቀን በፊት የተሰረዘ ትምህርት የሄክስ ዕዳ አያመጣም፤ ቀኑ ካለፈ ዕዳው በአብዛኛው ይቀራል። ከ2024 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቸገር ተማሪን የመርዳት ግዴታ በሕግ አለባቸው። ወላጆችም ከቁጣ በፊት ቀኑን ይጠይቁ።